አሮጌ የስፖርት አውቶሞቢል ከመግዛት በፊት ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ

በንግድ ሥራ የኖረ ሰው ማናቸውም ዕቃ ሁለት ዋጋ እንዳለው ያውቃል። የመጀመሪያው ለሻጩ የሚቈጠረው ገንዘብ ነው፤ ሁለተኛው ዕቃው ለሥራ እስኪደርስ ድረስ በማጓጓዣ፣ በቀረጥ፣ በመጋዘን ኪራይና በብልሽት የሚወጣው ነው። አስመጪው ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለውን ወጪ ሳይደምር የአንድ ጆንያ ስኳር ዋጋ ይህን ያህል ነው ብሎ አይናገርም። ነገር ግን ይኸው ጠንቃቃ ነጋዴ ለራሱ ደስታ የሚሆን ነገር ሊገዛ ሲነሣ፣ በሱቁ ውስጥ ከቶ የማይዘነጋውን ሁለተኛውን ዋጋ ዘንግቶት ይገኛል። ይህም ስሕተት ጎልቶ ከሚታይባቸው ግዢዎች አንዱ የአሮጌ የስፖርት አውቶሞቢል ግዢ ነው።

የስፖርት አውቶሞቢል የሚባለው ሰውና ጓዝ ለማመላለስ ሳይሆን ለፍጥነት፣ ለመሪ ቅልጥፍናና ለነጂው ደስታ ተብሎ የተሠራ፣ ዝቅ ያለ፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት በር ያለው ተሽከርካሪ ነው። እንዲህ ያለው መኪና አዲስ ሳለ ዋጋው ከብዙ ሰው ዐቅም በላይ ነው። ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ዓመታት ሲያልፉ ግን ዋጋው ይወርድና፣ በወጣትነቱ ከመስተዋት ውጭ ቆሞ ያየው ሰው ዛሬ ሊገዛው የሚችል ይሆናል። ፈተናውም የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። የእነዚህ መኪናዎች ገበያ በጀርመን፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ ሰፊ ስለ ሆነ፣ በእነዚህ አገሮች ሱቅና ምግብ ቤት ላቋቋሙ ወይም ለንግድ ወደዚያ ለሚመላለሱ ኢትዮጵያውያንም ፈተናው እንግዳ አይደለም።

ስለዚህ በዚህ ትምህርት አንድ የታወቀ መኪና ለምሳሌ ተወስዶ፣ ገዢው ምን ማሰብ፣ ምን መመርመርና ምን ማስላት እንደሚገባው በተራ ይገለጻል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ለምሳሌ የተመረጠው መኪና

መኪናው የጀርመኑ ፖርሽ ኩባንያ ከ1982 እስከ 1991 የሠራው 944 የተባለው ዓይነት ነው። በ1976 መሠራት ከጀመረው ከ924 የተወለደ ሲሆን፣ አብዛኛው የተገጣጠመው በኔካርዙልም ከተማ በሚገኘው የአውዲ ፋብሪካ ነው። ሞተሩ በውሃ የሚቀዘቅዝ ባለ 4 ሲሊንደር ሆኖ መጀመሪያ 2.5 ሊትር ነበር፤ በ1989 ሞዴል የመጣው ኤስ 2 የተባለው ግን 3.0 ሊትር ሆኗል። ሞተሩ ከፊት፣ ካምቢዮው ከኋላ ስለ ተቀመጠ፣ የመኪናው ክብደት በፊትና በኋላ ጎማዎች ላይ እኩል ለማለት በሚቻል አኳኋን ተከፍሏል። በጠመዝማዛ መንገድ ላይ የተመሰገነበት ዋና ምክንያትም ይኸው ነው። በጠቅላላው ከ160 ሺህ በላይ ተሠርቷል።

ይህን ያህል በብዛት መሠራቱና በአድናቂዎች ዘንድ 911 ከተባለው ዝነኛ ወንድሙ ዝቅ ተደርጎ መታየቱ፣ ለብዙ ዘመን ዋጋው ዝቅ ብሎ እንዲቆይ አደረጉት። ምንም እንኳ ከጊዜ በኋላ በጥሩ ሁኔታ የተያዙት እየተወደዱ ቢመጡ፣ አሮጌ 944 ለዓመታት ከአንድ ተራ የቤት መኪና ባልበለጠ ዋጋ ሲሸጥ ኖሯል። ወጥመዱም ያለው በዚህ ላይ ነው። የመኪናው ዋጋ ሲወርድ የመለዋወጫው ዋጋ አብሮ አልወረደም፤ አንዱን ክፍል ፈትቶ ለመግጠም መካኒኩ የሚፈጅበት ሰዓትም አልቀነሰም። በርካሽ የገዙት ሰዎች በውድ ለመጠገን ስላልፈለጉ ወይም ስላልቻሉ፣ መደረግ የነበረበትን ሥራ ለሚቀጥለው ገዢ እያስተላለፉ ሸጡት። ሦስተኛው ለአራተኛው፣ አራተኛው ለአምስተኛው እንዲሁ አደረገ።

እንግዲህ አሮጌ የስፖርት መኪና የሚገዛ ሰው የሚገዛው መኪናውን ብቻ አይደለም። የቀድሞ ባለቤቶች ሳይከፍሉት ያለፉትን ዕዳም አብሮ ይገዛል። ግዢው ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለውን ጥያቄ የሚፈታው የመኪናው ቀለምና የሞተሩ ድምፅ ሳይሆን የዚህ ዕዳ ልክ ነው።

1ኛ፤ መኪናው ለምን ተፈለገ?

ገዢው ወደ ገበያ ከመሄዱ በፊት ለራሱ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ መኪናው የሚፈለገው ለዕለት ሥራ ነው፣ ለደስታ ነው ወይስ ዋጋው ሲጨምር ለመሸጥ ነው?

ለዕለት ሥራ ከሆነ መልሱ አጭር ነው፤ አይገዛ። ከ30 ዓመት በላይ ያስቈጠረ መኪና ሰኞ ጠዋት እንደሚነሣ ዋስትና የለውም፤ ሱቁን በሰዓቱ መክፈት ያለበት ሰው ኑሮውን በእንደዚህ ያለ መኪና ላይ ሊያስደግፍ አይገባም። ሌላ የሚሠራ መኪና ያለው ሰው ብቻ ነው ለአሮጌው የስፖርት መኪና ትዕግሥት የሚኖረው።

ለትርፍ ከሆነ የሒሳቡን ነገር ነጋዴው ራሱ ያውቀዋል። በሱቅ ውስጥ ያለ ገንዘብ በዓመት ብዙ ጊዜ ይዞራል፤ በጋራዥ የቆመ ገንዘብ ግን አይዞርም። ከዚህም በላይ ቆሞ ሳለ የመድን፣ የማቆሚያ ቦታና የጥገና ክፍያ ይጠይቃል። የአንዳንድ አሮጌ መኪናዎች ዋጋ መጨመሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን የጨመረው ብዙውን ጊዜ ብርቅ ለሆኑት፣ እንደ ተሠሩ ላሉትና ታሪካቸው በወረቀት ለተረጋገጠው ነው እንጂ በርካሽ ለተገኘው ሁሉ አይደለም።

ለደስታ ከሆነ ምክንያቱ አያሳፍርም፤ ሰው ከድካሙ የተረፈውን ገንዘብ በሚወደው ነገር ላይ ቢያወጣ መብቱ ነው። የሚጠየቀው ገንዘቡ በእውነት የተረፈ መሆኑን ብቻ ነው። ከሱቅ ዋና ገንዘብ ተቀንሶ፣ ወይም ከባንክ ተበድሮ አሮጌ የስፖርት መኪና መግዛት አባቶች «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚሉት ነው። መኪናው በወር ውስጥ ቢበላሽና ለስድስት ወር ቢቆም፣ በዕቃ አቅራቢው፣ በሠራተኛውና በቤተ ሰቡ ላይ አንዳች ጉዳት የማይደርስ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ገዢው ወደ ሁለተኛው ነገር ይለፍ።

2ኛ፤ ወረቀቱ ከመኪናው ይቅደም

ልምድ የሌለው ገዢ በመጀመሪያ መኪናውን ያያል፣ ይነዳል፣ ይወደዋል፤ ከዚያ በኋላ ወረቀት ይጠይቃል። ልብ አንድ ጊዜ ከወደደ በኋላ ግን ዐይን ጥፋትን አያይም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። የመኪናውን የጥገና ደረሰኞች ቅጂ አስቀድሞ መጠየቅ፣ በጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ እንደ ንግድ መዝገብ ማንበብ ይገባል።

በ944 ረገድ ከደረሰኞቹ መካከል ከሁሉ በፊት የሚፈለገው የቺንጋው ደረሰኝ ነው። በዚህ ሞተር ላይ የቫልቮችን መከፈትና መዘጋት ከፒስተኖች ጋር የሚያስማማው ጥርስ ያለው የላስቲክ ቺንጋ ነው። ከእርሱም ሌላ የሞተሩን መንቀጥቀጥ ለማብረድ የተደረጉትን ሁለት ዘንጎች የሚያዞር ሁለተኛ ቺንጋ አለ። ዋናው ቺንጋ ሞተሩ እየሠራ ከተበጠሰ ፒስተኖቹ ከቫልቮቹ ጋር ይጋጫሉ፤ ቫልቮቹ ይጣመማሉ፤ ሞተሩም መከፈት አለበት። ሁለተኛው ሲበጠስም ቍራጩ ዋናውን ሊያበላሽ ይችላል። ላስቲክ ደግሞ በጉዞ ብቻ ሳይሆን በዕድሜም ያረጃል፤ ስለዚህ የዚህ መኪና ባለሙያዎች ኪሎሜትሩ ጥቂት ቢሆንም እንኳ ቺንጋዎቹ በየ4 ዓመቱ ገደማ እንዲለወጡ ይመክራሉ። «ቺንጋው በቅርቡ ተለውጧል» የሚል ቃል ያለ ቀንና ያለ ጋራዥ ማኅተም ዋጋ የለውም። ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተለወጠ ቈጥሮ ሒሳቡን ከዋጋው መቀነስ የገዢው ድርሻ ነው።

በኪሎሜትር ቆጣሪው ላይ ብዙ መታመን አይገባም። በዚህ ዘመን በተሠሩት ፖርሾች ቆጣሪው ውስጥ ያለው ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ በዕድሜ ብዛት እየተሰበረ ይቆማል፤ መኪናው ግን መሄዱን አያቆምም። ስለዚህ «80 ሺህ ኪሎሜትር ብቻ የሄደ» የተባለው መኪና ቆጣሪው ከቆመ በኋላ ስንት ዓመት እንደ ተነዳ ከደረሰኞቹ ጋር ካልተመሳከረ በቀር ማወቅ አይቻልም። በእንግሊዝ አገር የዓመታዊ ምርመራ ውጤት በመንግሥቱ የኢንተርኔት አገልግሎት ያለ ክፍያ ስለሚገኝ፣ ገዢው የሰሌዳውን ቍጥር ብቻ ይዞ በየዓመቱ የተመዘገበውን ርቀትና የወደቀበትን ምክንያት ሊያነብ ይችላል። ነገር ግን ከ2018 ወዲህ ከ40 ዓመት በላይ የሆናቸውና ብዙ ለውጥ ያልተደረገባቸው መኪናዎች ከዚህ ምርመራ ነጻ ሆነዋል። የመጀመሪያዎቹ 944ዎች አሁን ወደዚህ ዕድሜ ስለ ደረሱ፣ መንግሥት ያልመረመረውን ገዢው ራሱ ማስመርመር ይኖርበታል። በአሜሪካ ደግሞ የባለቤትነቱ ወረቀት መኪናው በአደጋ ምክንያት በመድን ድርጅት ከጥቅም ውጭ ተብሎ እንደ ነበረ የሚያሳይ ምልክት እንዳለበት በጥንቃቄ መታየት አለበት።

በመጨረሻም የሻንሲው ቍጥር በመኪናው ላይና በወረቀቱ ላይ አንድ መሆኑ ሊረጋገጥ ይገባል። አንዲት ፊደል ብትለይ ግዢው በዚያው ይቁም።

3ኛ፤ የመኪናው ምርመራ

ወረቀቱ ካጠገበ በኋላ መኪናው ይታያል። የሚታየውም በቀን ብርሃን፣ በደረቅ ዕለት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ነው። ሻጩ ገዢው ሳይመጣ ሞተሩን አሙቆ ቢጠብቅ፣ ሲነሣ የሚያጨስ ወይም የሚያንኳኳ መሆኑን መሸፈኑ እንደ ሆነ ሊጠረጠር ይገባል።

ከሁሉ በፊት አካሉ ይመርመር። ሞተር ይለወጣል፣ ካምቢዮ ይጠገናል፤ የበሰበሰ ላሜራ ግን ከሁሉ የበለጠ ገንዘብ የሚበላ ነገር ነው። የ944 አካል ከዝገት እንዲጠበቅ በዚንክ የተለበጠ ብረት ስለ ሆነ ከዘመኑ መኪናዎች የተሻለ ነው፤ ሆኖም የማይዝግ አይደለም። ከበሮቹ ሥር ያለው የጎን ላሜራ፣ የፊት መከለያዎቹ የታችኛው ጫፍና የባትሪው መቀመጫ በጥንቃቄ መታየት አለባቸው። በጨርቅ የተሸፈነ ደካማ ማግኔት በላሜራው ላይ ሲደረግ በአንዳንድ ቦታ የማይዝ ከሆነ፣ በቀለሙ ሥር ብረት ሳይሆን ስቱኮ እንዳለ ያስረዳል። የኋላው ትልቅ መስተዋት ውሃ የሚያስገባ እንደ ሆነም ምንጣፉን አንሥቶ ከሥሩ መዳሰስ ነው።

ቀጥሎ ሞተሩ ይመርመር። የውሃውና የዘይቱ ማኅተም ሲያረጅ ዘይቱ ከውሃ ጋር ይቀላቀላል፤ የራዲያተሩ ውሃ ማጠራቀሚያ ሲከፈት ወተት ያለበት ቡና የመሰለ ነገር ከታየ ምልክቱ ይኸው ነው። የ4ቱ ሲሊንደሮች ግፊት በመሣሪያ ይለካ፤ የሚፈለገው ከፍተኛ ቍጥር ብቻ ሳይሆን የ4ቱ መቀራረብ ነው። ከሞተሩ በላይ ያሉት የቤንዚን ላስቲኮች ደርቀው ከተሰነጣጠቁ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ሊያንጠባጥቡና እሳት ሊያስነሡ ስለሚችሉ፣ ይህ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው።

ከሞተሩ ቀጥሎ ፍሪሲዮኑ ይታያል። በብዙ መኪና ፍሪሲዮን መለወጥ ተራ ሥራ ነው። በ944 ግን ካምቢዮው ከኋላ ስለ ሆነ፣ ኃይሉን ከሞተሩ ወደ ኋላ የሚያስተላልፈው ረጅም ዘንግ ከነቱቦው ወደ ኋላ ካልተገፋ ፍሪሲዮኑ አይወጣም፤ ለዚህም የጭስ ማውጫውና ሌላው ሁሉ መፈታት አለበት። የሥራው ሰዓት ከዕቃው ዋጋ ጋር ተደምሮ በርካሽ የተገዛ መኪና ዋጋ ታላቅ ክፍል ሊሆን ይችላል። በቀደሙት 944ዎች የፍሪሲዮኑ ዲስክ መካከል ላስቲክ ስለ ሆነ ከዕድሜ ብዛት እየተቈረሰ መበተኑም የታወቀ ነው። እነሆ በመንገድ ላይ የሚያስመሰግነው የክብደት አከፋፈል በጋራዥ ውስጥ ዋጋ የሚያስከፍል ሆኖ ይገኛል።

ጎማና ፍሬን በመጨረሻ ቢጠቀሱም የመጨረሻ አይደሉም። በጎማው ጎን ላይ ከተጻፉት ምልክቶች መካከል አራት አሐዝ ያለው የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያሳያል፤ 2314 የሚል ቢገኝ በ2014 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ቆሞ የኖረ መኪና ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎማው ግን ደርቆ ሊሞት ይችላል፤ ታላላቅ የጎማ ፋብሪካዎች ከ10 ዓመት በላይ የሆነው መልኩ ቢያምርም እንዲለወጥ ይመክራሉ። የፍሬን ዘይትም ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በዓመታት ውስጥ ቱቦውን ከውስጥ ያዝገዋል። ለፍጥነት በተሠራ መኪና ላይ መቆም ከመሮጥ ይቀድማል።

ይህ ሁሉ በገዢው ዐይን ብቻ አይፈጸምም። ከሻጩ ጋር ዝምድናና ጥቅም የሌለው፣ ይህን ዓይነት መኪና የሚያውቅ መካኒክ ተከፍሎት ይመርምር። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ በግዢው ውስጥ ካለው ወጪ ሁሉ በብዛት ትርፍ የሚያስገኘው ነው። ምርመራውን የሚከለክል ሻጭ ከምርመራው ውጤት የሚበልጥ መልስ ሰጥቷል።

4ኛ፤ ሒሳቡ

ሁለት 944 ለሽያጭ ቀርበዋል እንበል። የሚከተሉት ቍጥሮች ለስሌት ትምህርት የተወሰዱ ናቸው እንጂ የገበያ ዋጋ መግለጫ አይደሉም። የመጀመሪያው ቀለሙ የሚያብረቀርቅ፣ ደረሰኝ የሌለው፣ ዋጋው 9,000 ዩሮ ነው። ሁለተኛው ወንበሩ ጥቂት ያረጀ፣ ከ20 ዓመት ወዲህ ያለው ደረሰኝ በሙሉ ያለው፣ ዋጋው 16,000 ዩሮ ነው። ላይ ላዩን ለሚያይ ሰው ልዩነቱ 7,000 ዩሮ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ርካሽ ነው።

አሁን ዕዳው ይቈጠር። ለመጀመሪያው መኪና ቺንጋዎቹና የውሃ ፓምፑ 1,500፣ ፍሪሲዮኑ 2,500፣ አራት ጎማ 700፣ ፍሬኑና የቤንዚን ላስቲኮቹ 1,300፣ ሾክ አብዞርበሮቹ 1,200፣ ኤሌክትሪኩና ልዩ ልዩ ማኅተሞቹ 800 ዩሮ ቢጠይቁ፣ ድምሩ 8,000 ዩሮ ነው። የመኪናው እውነተኛ ዋጋ እንግዲህ 17,000 ዩሮ ሆነ ማለት ነው። ለሁለተኛው ገዢው ለድንገተኛ ነገር 1,000 ዩሮ ቢያስቀምጥ እርሱም 17,000 ይሆናል።

ቍጥሩ እኩል ሆነ፤ መኪናዎቹ ግን እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው ባለቤት ወራቱን በጋራዥ በር ላይ ሲያሳልፍ ሁለተኛው በመንገድ ላይ ነው። የመጀመሪያው ተጠግኖ ሲያልቅም ያለፈው ታሪኩ እንዳልታወቀ ይቀራል፤ ሊሸጥ ቢቀርብ ገበያው የሚከፍለው ለመኪናው ሁኔታና ታሪክ እንጂ ባለቤቱ ላወጣው ገንዘብ አይደለም። ከሁሉም በላይ 8,000 የተባለው ግምት ነው፤ ተፈትቶ ያልታየ አሮጌ ሞተር ግምትን ሲያከብር ብዙ አይታይም። በአሮጌ የስፖርት መኪና ንግድ እንግዲህ ጠቅላላው ደንብ ይህ ነው፤ ከሁለቱ ውድ የሚመስለው ብዙውን ጊዜ ርካሹ ነው።

ለዚህ ደንብ አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። ገዢው ራሱ መካኒክ ከሆነ፣ ወይም ጋራዥና ትርፍ ጊዜ ካለው፣ የሥራው ሰዓት ዋጋ ከሒሳቡ ይቀነስለታል፤ ለእርሱ የመጀመሪያው መኪና ሊያዋጣ ይችላል። ነጋዴ ግን የራሱ ሰዓት ዋጋ የሌለው አድርጎ እንዳይቈጥር ይጠንቀቅ።

5ኛ፤ የመለዋወጫው ነገር

አሮጌ መኪና ሁሉ እንደ 944 በጥገና ውድ ነው ማለት አይደለም። የእንግሊዙ ኤም.ጂ.ቢ. ከ1962 እስከ 1980 በአቢንግደን ከተማ የተሠራ፣ 1.8 ሊትር ሞተር ያለው የስፖርት መኪና ነው። ቍጥሩ ከ500 ሺህ ስለሚበልጥ በእንግሊዝ አገር የመለዋወጫው ንግድ ራሱን የቻለ ትልቅ ሥራ ሆኗል፤ ከ1988 ጀምሮ ደግሞ ሙሉው የላሜራ አካል በቀድሞው ማተሚያ እንደ አዲስ እየተሠራ ለሽያጭ ቀርቧል። ሞተሩ ቀላል በመሆኑ ተራ መካኒክ ይረዳዋል፤ የቫልቮቹንም ሥራ የሚያስማማው የላስቲክ ቺንጋ ሳይሆን የብረት ሰንሰለት ነው።

ይሁን እንጂ ኤም.ጂ.ቢ. የራሱ ዕዳ አለው፤ እርሱም ዝገት ነው። ለብቻው የቆመ ሻንሲ ስለሌለው ከበሮቹ ሥር ያለው የጎን ላሜራ የመኪናው አጥንት ነው። ያ ሲበሰብስ መኪናው ከመካከሉ ይጎብጣል። ጣሪያ በሌለው ኤም.ጂ.ቢ. በሩ እየታከከ የሚዘጋ፣ ወይም በክሪክ ሲነሣ የበሩ ክፍተት የሚጠብብ ከሆነ አጥንቱ እንደ ደከመ ያስረዳል። በላዩ ላይ አዲስ ላሜራ ተለጥፎ ቢቀባ እንኳ ከውስጥ ያለው ብስባሽ አይድንም።

ከሁለቱ ምሳሌዎች የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። እያንዳንዱ መኪና ገንዘብ የሚበላበት የታወቀ ቦታ አለው፤ በ944 ቺንጋውና ፍሪሲዮኑ፣ በኤም.ጂ.ቢ. ላሜራው ነው። ገዢው ያን ቦታ አስቀድሞ አውቆ ወደዚያ በቀጥታ ይሂድ። እንዲሁም ከመግዛቱ በፊት አሥር ዋና ዋና መለዋወጫዎችን ዘርዝሮ፣ ከአቅራቢዎች ዘንድ መኖራቸውንና ዋጋቸውን ይጠይቅ። አንዲት የማትገኝ ዕቃ መኪናውን ሙሉ ዓመት ልታቆመው ትችላለች።

6ኛ፤ መኪናው በየትኛው አገር ይቀመጣል?

የአገር ሕግ ዋጋውን ሊለውጥ ብቻ ሳይሆን ግዢውን ከንቱ ሊያደርገው ይችላል። በጀርመን 30 ዓመት የሞላውና በጥሩ ሁኔታ እንደ ተሠራ የተጠበቀ መኪና በሰሌዳው ላይ ልዩ ፊደል ተደርጎለት የታሪካዊ መኪና ግብር ይከፍላል። በአሜሪካ 25 ዓመት ያልሞላውና ለዚያ አገር ገበያ ያልተሠራ መኪና የደኅንነት ደንቡን ካላሟላ በቀር አይገባም፤ 25 ዓመት ሲሞላው ግን ይህ ደንብ አይከለክለውም።

ወደ ኢትዮጵያ ለማስገባት የሚያስብ ሰው ጉዳዩ ከዚህ የተለየ ነው። በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ሕግ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ እንደ ዕድሜያቸው እየከበደ የሚሄድ ግብር ጥሏል። በጥር 2024 ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። እንግዲህ በውጭ አገር ጥሩ ዋጋ ያገኘ ነጋዴ «ገዝቼ እልከዋለሁ፣ በኋላ መፍትሔ ይገኛል» ብሎ ገንዘቡን ቢያወጣ መኪናው በወደብ ላይ ሊቀርበት ይችላል። አስቀድሞ ከጉምሩክ ዘንድ በጽሑፍ መልስ ሳያገኝ አንድ ሳንቲም እንዳይከፍል ይጠንቀቅ። ቀድሞ ገብቶ አገር ውስጥ ያለውን የሚገዛ ሰውም ሊብሬውንና የቀረጡን መከፈል ከሞተሩ በፊት ይመርምር።

7ኛ፤ ውሳኔው

ምርመራው ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ገዢው ሦስት ቍጥሮች በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍ። አንደኛው ሻጩ የጠየቀው ዋጋ፣ ሁለተኛው መካኒኩ ያገኘው የጥገና ዕዳ፣ ሦስተኛው ከዕዳው ሲሶ የማያንስ የድንገተኛ ነገር መጠባበቂያ ነው። የሦስቱ ድምር ታሪኩ የተሟላ ተመሳሳይ መኪና ከሚሸጥበት ዋጋ በላይ ከሆነ ሁለት መንገድ ብቻ አለ፤ ወይ ሻጩ ልዩነቱን ይቀንሳል፣ ወይ ገዢው ይመለሳል። ሦስተኛ መንገድ የለም። «ትንሽ በትንሽ እጠግነዋለሁ» የሚለው አሳብ የቀድሞዎቹ ባለቤቶች ሁሉ አሳብ ነበረ፤ መኪናው በዛሬው ሁኔታ ላይ የተገኘውም በዚያ ምክንያት ነው።

ድርድሩም በመካኒኩ ወረቀት ላይ የቆመ ይሁን። ዕዳው ተራ በተራ ሲዘረዘር እውነተኛ ሻጭ ይቀበላል ወይም በማስረጃ ያስተባብላል። «ከውጭ ሌላ ገዢ እየጠበቀ ነው፣ ዛሬውኑ ቀብድ ካልተከፈለ ያመልጣል» የሚለውን የደላላ ቃል ነጋዴ በገበያ ሺህ ጊዜ ሰምቶታል። በብዙ ሺህ የተሠራ መኪና አንዱ ቢያመልጥ ሌላው ይመጣል፤ የቸኮለ ግን አፍሶ ይለቅማል።

ከጋራዡ ባዶ እጁን የተመለሰ ገዢ የከሰረ መስሎ ሊሰማው ይችላል። የከሰረው ግን የመንገድና የመካኒክ ኪራይ ብቻ ነው፤ በዚያም ፈንታ የሱቁን ገንዘብ፣ የወራት ጊዜውንና ምናልባትም ሕይወቱን አትርፏል። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው። ታግሦ ታሪኩ የታወቀውን፣ አካሉ ጤነኛውን፣ ዕዳው የተከፈለውን መኪና ያገኘ ሰው ደግሞ በእሑድ ጠዋት ቍልፉን ሲያዞር፣ የሚያስጨንቀው ሒሳብ ሳይኖርበት መንገዱን ይሄዳል።